ያልተጠየቀ ገንዘብ

ዛሬ ስለ ጡረታ መዋጮ ነው። ከቆቦ፣ ከሮቢትና ከጎብዬ ወጥቶ ኮምቦልቻ ወይም አዲስ አበባ ፋብሪካ የሠራ ሰው፣ ሥራውን ሲለቅ ከደመወዙ የተቆረጠችውን 7 በመቶ እንደ ጠፋች ይቆጥራታል። ግን በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ 715 በተጀመረው የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ለጡረታ ፈንዱ ያስገባል፤ በየድርጅቱ የተሠራውም ዘመን ይደመራል። 60 ዓመት ሲሞላ 10 ዓመት ያገለገለ አበል ያገኛል፤ አገልግሎቱ ያልሞላለትም በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት አለው። ሠራተኛው ከሞተ ደግሞ ከአበሉ ድርሻ ለሚስቱና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ይተላለፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው፤ ሟቹ ጡረታ እንደነበረው ቤተሰቡ ሳያውቅ ጥያቄው ይቀራል።

«ወረቀታችን በሰሜኑ ጦርነት ጠፍቷል» የሚል ይኖራል። በ2013 ክረምት ቆቦ የጦር ሜዳ ስትሆን ቤትም ቢሮም ተዘርፏልና ሰበብ አይደለም። ሆኖም መረጃው በቤት ሳጥን ብቻ አይቀመጥም፤ የጡረታ መለያ ቁጥሩ፣ የቀድሞው ድርጅት የደመወዝ መዝገብና የመዋጮ ክፍያው ሌላ ቦታም አሉ። አሠሪው ቆርጦ ካላስገባ? ዕዳው የእርሱ እንጂ የሠራተኛው አይደለም፤ ተቀናሹን የሚያሳይ የደመወዝ ወረቀት ያለው አይጣለው። «ለጥቂት ብር ወልድያና ደሴ ማን ይመላለሳል?» ላለው ግን፣ ለዳረጎቱ ምናልባት እውነቱን ነው፤ በየወሩ ለሚከፈል የወላጅ አልባ ልጆች አበል ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ይርጋም ስላለ የሞት ምስክር ወረቀቱንና የወራሽነት ማስረጃውን ይዞ ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ቶሎ መሄድ ይሻላል።