«ሦስት ይበቃሻል» ሲሏችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

አንዳንዶቻችሁ ከሥራ ስትመለሱ በአውቶቡስ ውስጥ፣ አንዳንዶቻችሁም ቤት ውስጥ ሥራ እየሠራችሁ እንደምትሰሙን አውቃለሁ። ዛሬ የማወራችሁ በቲኾን ስላሉ ልጆቻችንና ስለ ሒሳብ ባግሩት ነው። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን «አምስት ይሂዶት ይከብድሻል» የተባልኩ ተማሪ ነበርኩ። ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ ለወላጆች ላስረዳ። የሒሳብ ባግሩት በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት ይሂዶት ይወሰዳል። ሦስት ይሂዶት የወሰደ ልጅም የባግሩት ምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። ልጁ «አልፌያለሁ» ይላል፣ እኛም «ተመስገን» እንላለን። ልዩነቱ የሚታየው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደረስ ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች አማካዩን ሲያሰሉ ለአምስት ይሂዶት ሒሳብ 35 ነጥብ ቦነስ ይጨምራሉ። ለአራት 12.5 ነው፤ ለሦስት ምንም የለም። ቦነሱን ለማግኘት ቢያንስ 60 ማምጣት ያስፈልጋል። እንግዲህ አስሉት፦ በአምስት ይሂዶት 85 ያመጣች ልጅ 120 ይያዝላታል። በሦስት ይሂዶት 100 ያመጣ ጎበዝ ልጅ ግን ያው 100 ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከአምስት ወደ አራት መውረድ ቀላል ነው። ከሦስት ወደ አምስት መውጣት ግን በጣም ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የሚማሩት ነገር ራሱ ይለያያል። የአምስቱ ልጆች ቬክተርና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ድረስ ሲሄዱ የሦስቱ ልጆች እዚያ አይደርሱም። ይህ መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚለየው በ9ኛ ክፍል መጨረሻ ወይም በ10ኛ መጀመሪያ፣ ሃክባጻው ሲደለደል ነው። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነው፤ ወላጁም ነገሩን አልሰማም።

የእኔ ነገር እንዲህ ነበር። በ9ኛ ክፍል መጨረሻ የሒሳብ ውጤቴ 82 ሆኖ ሳለ ሦስት ይሂዶት ውስጥ ተመደብኩ። በዮም ሆሪም፣ በወላጆች ቀን፣ ከእናቴ ጋር ገባን። ዮዔጼቷ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ክፉ ሴት አልነበረችም። ፈገግ ብላ፣ «ጎበዝና ጨዋ ልጅ ናት። ለምን ትሰቃያለች? ሦስት ይበቃታል፣ ባግሩቷን በሰላም ትይዛለች» አለች። እናቴ ዕብራይስጥ ብዙም ስለማትሰማ ተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ። በራሴ ላይ የተፈረደውን እኔው በአማርኛ ነገርኳት። እናቴም መምህር አክባሪ ናትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ተነሣች።

በሳምንቱ ብቻዬን ተመለስኩና አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ «አምስት ለመግባት ስንት ነጥብ ጎደለኝ?» መልሱ ቁጥር አልነበረም። «ነጥብ አልጎደለሽም፤ ግን ቤት ውስጥ የሚያግዝሽ ሰው የለም፣ ጫናውን አትችይውም ብለን ነው» ተባልኩ። የሁሉም ነገር ቁልፍ ይህ መልስ ነው። የተለካው ሒሳቤ ሳይሆን ቤታችን ነበር።

እኔም እስከ ሐኑካ ድረስ በሙከራ እንዲያስገቡኝ ለመንኩ፤ ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያ ፈተናዬ 61፣ ሁለተኛው 74 ሆነ። በፔራኽ በኩል አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣች ታስጠናኝ ነበር። ፔራኽ በ1974 በዋይዝማን ተቋም የተጀመረ ፕሮግራም ሲሆን ተማሪዎች ልጅ በማስጠናት የትምህርት ክፍያ ድጋፍ ያገኙበታል። «ቤት የሚያግዝ የለም» ለተባለው መልሱ በሳምንት አራት ሰዓት ነበር እንጂ ሦስት ይሂዶት አልነበረም። መጨረሻ ላይ አስተማሪዬ የሰጠኝ የክፍል ውጤት 78 ሲሆን ባግሩቱ ላይ 88 አመጣሁ። የባግሩት ፈተናን የሚያርመው ሰው አያውቀኝም፤ ፊቴንም፣ ሰፈሬንም፣ የእናቴን ዕብራይስጥም አላየም። ያየው የጻፍኩትን ብቻ ነው።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ያደረጉትን ሙከራ በ1968 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ከልጆቹ አምስተኛውን ያህል በዕጣ መርጠው ለአስተማሪዎቹ «እነዚህ ዘንድሮ በጣም ያድጋሉ» አሏቸው። ከዓመት በኋላ፣ በተለይ በታናናሾቹ ክፍሎች፣ ስማቸው የተጠራው ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ተሻሽለው ተገኙ። ውጤቱ ምን ያህል ትልቅ ነው በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ፤ አስተማሪ የሚጠብቀው ነገር ልጁ ጋ ይደርሳል የሚለው ግን የታወቀ ነው። እዚሁ አገራችንም ቪክቶር ላቪና ኤዲት ሳንድ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በቴል አቪቭ አስተማሪዎች የሰጡትን ውጤትና የልጁን ስም የማያውቅ ሰው ያረመውን ውጤት አወዳድረዋል። አስተማሪዎች በሒሳብ ለወንዶች ባደሉበት ክፍል የተማሩ ሴቶች ልጆች ቲኾን ሲደርሱ ከፍተኛውን የሒሳብ ደረጃ የመምረጥ ዕድላቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ ስለ ወንድና ሴት ነው፤ ግን በልጅነት የተሰማ ጥርጣሬ ከዓመታት በኋላ ምርጫን እንደሚለውጥ ያሳያል።

አሁን በአስተማሪነቴ ልናገር። ልጆቻችንን የሚጠራጠር ሁሉ የሚንቃቸው አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬው የሚመጣው አዝኖ ነው፦ «አይሰቃይ፣ አይውደቅ» በማለት። ትምህርት ቤቱም የራሱ ስሌት አለው፤ የማስተማሪያ ሰዓት፣ የቡድን ብዛት፣ የትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት። ስድብ ሲመጣ ሰው ይነሣል፣ ይከራከራል። ርኅራኄ ሲመጣ ግን አመስግነን እንወጣለን። ለዚህ ነው የበለጠ የሚጎዳን። ወላጆቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ ይነቅዛል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጨቃጨቅ አያስፈልግም። በአክብሮት አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፦ «ልጄ ወደዚያ ቡድን ለመግባት ስንት ነጥብ ያስፈልጋል? የእሱስ ስንት ነው?» መልሱ ቁጥር ካልሆነ፣ የተለካው ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛ፦ «የትኛው ርዕስ ይቀረዋል?» «ሒሳብ ይከብደዋል» መልስ አይደለም። «ክፍልፋይና አልጀብራ ላይ ድክመት አለው» ካሏችሁ ግን ክረምቱን የምትሠሩበት ሥራ አገኛችሁ።

ሦስተኛ፦ «ድጋሚ የሚታየው በስንት ቀን ነው?» ቀኑን በጽሑፍ ያዙ። ቀን የሌለው «እናያለን» አይታይም።

አራተኛ፦ «እስከዚያ ምን እገዛ አለ?» ፔራኽ አለ፤ የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክት በትንንሽ ቡድን የሚያስጠናባቸው ቦታዎች አሉ። ትምህርት ቤቱ አምስት ይሂዶት የማይከፍት ከሆነ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር በኢንተርኔት የሚያስተምርበት ቨርቹዋል ቲኾን አለ።

ስብሰባው ላይ ልጁ እንዳያስተረጉም አደራ። መጌሼር ካለ አስቀድማችሁ አስጠሩ፤ ከሌለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ልጅ ስለራሱ የተባለውን ሲተረጉም ወይ ይቀንሳል፣ ወይ ይሰብረዋል። መልሱ ቁጥር ሳይሆን የመጣችሁበት ቦታ ወይም የቆዳችሁ ቀለም መሆኑን ካያችሁ ደግሞ፣ በ2016 የፓልሞር ኮሚቴ ዘገባን ተከትሎ በፍትሕ ሚኒስቴር የተቋቋመው ዘረኝነትን የሚታገለው ክፍል አቤቱታ ይቀበላል።

ሁሉም ልጅ አምስት ይሂዶት ይውሰድ እያልኩ አይደለም። አራት ይሂዶትን በ95 የጨረሰ ልጅ የሚከበር ሥራ ሠርቷል። ሥነ ጽሑፍ ወይም ሙዚቃ የሚወድ ልጅ ሦስትን አስቦ ቢመርጥ መንገዱ ነው። የምለው፣ ሳይሞክር በሌላ ሰው ግምት አይመደብ ነው።

ለእናንተ ለልጆቹ ደግሞ፦ የመጀመሪያው ፈተና 61 ቢሆን አትደንግጡ፤ ከባድ ቡድን ውስጥ ሲገቡ ብዙዎች የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ውጤቱን ሳይሆን ስሕተቱን አንብቡት፤ ያልገባችሁን ጥያቄ ቁጥሩን ጽፋችሁ አስተማሪው ጋ ሂዱ። ቁጥር ይዞ የሚመጣ ተማሪን መጠራጠር ለአስተማሪም ይከብዳል፤ ይህን ከራሴ ክፍል አውቃለሁ። ቲኾንን የጨረሳችሁም ብትሆኑ በሩ አልተዘጋም። ከሠራዊት በኋላ በመኺና ገብቶ ባግሩትን ማሻሻል ይቻላል፤ ስትለቀቁ የምትቀበሉትን ፒካዶንም ለዚህ ትምህርት ማዋል ትችላላችሁ።

የዚህ ዓመት ዮም ሆሪም ሲደርስ አራቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ግቡ። የተመለሰላችሁን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እናነባለን።