ደብተሩን ማን ይነካዋል?

(በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል የሚጠበቀው ሪፖርት ነው። እሱ ታትሞ በእጃችሁ ስላለ ቁጥር እያነበብን አናደክማችሁም። ዛሬ ስለ አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ልንነግራችሁ ወደድን። የቁጠባ ሂሳባችን ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ አይግባ እየተባባልን ከርመናል፤ አንዲት እናታችን «ማሽኑ ቢዋሽ ማንን እንጠይቃለን?» ያሉትም ከአእምሯችን አልወጣም።

ፕሮፌሰሯ ባርባራ ሊስኮቭ ይባላሉ። በ1939 (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ ተወለዱ። በርክሌይ ሂሳብ ሲማሩ መቶ ያህል ተማሪ በሚይዝ ክፍል ሴቶቹ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነበሩ። በ1961 ተመርቀው ፕሪንስተንን ሲጠይቁ ሴት አንቀበልም የሚል ፖስት ካርድ ደረሳቸው። በሂሳብ የሚወዱት ሥራ ስላጡ ፕሮግራም ለመጻፍ ተቀጠሩ፤ ሙያውንም እዚያው ሥራው ላይ ተማሩት። (እኛም ብንሆን ከአባላት ጋር ሂሳብ መተሳሰብን ኮሌጅ አልተማርነውም።) በ1968 ከስታንፎርድ ዶክትሬታቸውን ሲያገኙ በአሜሪካ በዚህ ትምህርት ከበቁት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆኑ። ከ1972 ጀምሮ በኤም.አይ.ቲ. አስተማሩ።

በዚያን ጊዜ ፕሮግራሞች እየረዘሙ ሄደው ጸሐፊዎቻቸውን ግራ ያጋቡ ነበር። አንዱ ክፍል የሌላውን መረጃ ገብቶ ይነካካል፤ እዚህ ሲጠግኑት እዚያ ይፈርሳል። እሳቸው መረጃውን ቆልፈን በተፈቀዱ ጥቂት በሮች ብቻ እንግባ አሉ፤ ሲ.ኤል.ዩ. የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋም ከተማሪዎቻቸው ጋር በዚሁ ሐሳብ ላይ ሠሩ። በእኛ ደብተር ብናስበው፣ በሮቹ ገንዘብ ማስገባት፣ ማውጣትና ቀሪውን መጠየቅ ናቸው። ቀሪውን ራሱን ማንም እጁን ሰዶ አይለውጠውም።

እኛ ግን ለውጠነዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የአንዲት እህታችን ሂሳብ 1,800 ብር ጎድሎ መገኘቱን ታስታውሳላችሁ። ገጹ በእርሳስ ተጽፎ፣ በላጲስ ጠፍቶ፣ ደግሞ ተጽፎ ነበር፤ ማን እንዳረመው የሚያሳይ ፊርማ የለም። ገንዘብ ያዧ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጠረጠረች፤ ቀና ብላ ሰው ማየት አቃታት። በመጨረሻ ስሕተቱ ከእኛ ከሂሳብ ክፍል ተገኘ፤ የገጹን ድምር ወደሚቀጥለው ስናዛውር አሳስተን ነበር። ያን ጊዜ ለብቻዋ ይቅርታ ጠይቀናታል። የታማችው ግን በሰው ፊት ነውና ዛሬ በሁላችሁ ፊት እንጠይቃታለን።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንምጣ፤ የዓለም ምሁራንን ብዙ ዓመት ያደከመ ጥያቄ ነው። ፕሮፌሰሯ በ1999 ሚጌል ካስትሮ ከተባለ ተማሪያቸው ጋር ያወጡት ጥናት ስለዚሁ ነው። አንድ ዓይነት መዝገብ የያዙ ብዙ ማሽኖች አሉ እንበል፤ አንዱ ይዋሻል፣ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ሦስት ማሽን አይበቃም። አንዱ መልስ ቢያዘገይ ሁለት ይቀራሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ከሆነ አንድ ለአንድ ነው፣ ማንን እንመን? አራት ሲሆኑ ግን አንዱ ቢዘገይም ሦስት ይመልሳሉ፤ አንዱ ቢዋሽ ሁለቱ እውነተኞች ይበልጡታል። ሁለት ውሸታም ከተፈራ ሰባት ያስፈልጋል። ይህን እንዲያው በሐሳብ ሳይሆን፣ ለሥራ በሚበቃ ፍጥነት እንደሚቻል አሳዩ።

የ2008ን የቱሪንግ ሽልማት ሲያገኙ ከፍራንሲስ አለን ቀጥሎ ሁለተኛዋ ሴት ነበሩ። አንድ ሰው ግን ሁሉም የሚያውቀው ነገር ምን ያሸልማል ብሎ ኢንተርኔት ላይ ማጉረምረሙን ባለቤታቸው አይተው ነገሯቸው። እሳቸው እንደ ምስጋና ቆጠሩት። ሴት የሠራችው ሥራ ቶሎ «ድሮም የነበረ» እንደሚባል እኛ እናውቃለን።

ለጋሾቻችን ኮምፒውተሩን እንሰጣለን ብላችሁናል፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን እርሳሱና ላጲሱ ከቢሮው ሳይወጡ ከመጣ የድሮውን ስሕተት በፍጥነት እንሠራበታለን። ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ስድስት ወር ወረቀቱና ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ይሂዱ። የተሳሳተ ነገር አይፋቅ፤ ማረሚያው በአዲስ መስመር፣ በሁለት ሰው ፊርማ ይጻፍ። የእያንዳንዷ አባል ቀሪ ሂሳብም በአራት ቦታ ይያዝ፦ በራሷ ደብተር፣ በቡድኗ መዝገብ፣ በቢሮው ወረቀትና በኮምፒውተሩ።

ድምፅ የምንሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ እናታችን፣ አሁን ጠይቁን።