ቡና የምትበሳው ጥንዚዛ

ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ ቡና ከእንሰትና ከዋንዛ ጋር ተሰባጥሮ ይለማል። ይህ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የቡና ጠላት ግን ብዙ ነው። ከእንጨት ሰርሳሪዎች ወገን የሆነችው የቡና ፍሬ ጥንዚዛ 2 ሚሊ ሜትር አትሞላም። ፍሬውን በእምብርቱ በኩል በስታ ትገባና ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ እጮቹ ፍሬውን ከውስጥ ይበሉታል። ወንዱማ መብረርም አይችል፣ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል።

የትውልድ አገሯ አፍሪካ ናት፤ ሃዋይ መግባቷ የታወቀው ግን በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።

ፍሬ ውስጥ ከተሸሸገች በኋላ መድኃኒት መርጨት እምብዛም አያዋጣም። ገበሬዎች ሆይ፣ ለቀማው ሲያልቅ ዛፍ ላይ ደርቆ የቀረውንም መሬት የወደቀውንም ፍሬ ልቅም አድርጋችሁ አስወግዱ፤ ለከርሞ የምትራባው እዚያ ውስጥ ነው።