ከወርቁ ጋር ወደ ቤታችን የሚገባው
በአባላት ስብሰባ ላይ ወልቂጤ ውስጥ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናወራው ስለ ወርቅ ነው። ጆሯችን ላይ ስላለው ሳይሆን ልጆቻችን ሊቆፍሩት ስለሚሄዱት። ጉራጌ ልጁን ለሥራ ሲልክ ድሮ መርካቶ ነበር የሚልከው። አሁን ግን ሻኪሶና አሶሳ የሚሉ ስሞች ቤታችን ውስጥ እየተሰሙ ነው። ከቁጠባችን ተበድረን ስንቅ የምንቋጥርላቸውም እኛው ነን።

በአንድ መስቀል የአንዷ አባላችን ልጅ ከወርቅ ቦታ መጣ። በጨርቅ ቋጥሮ የያዘው የባቄላ ፍሬ የሚያህል ብርማ ነገር ነበር። ለክትፎው ቅቤ በሚነጠርበት ምድጃ ላይ አቃጠለው። ነፍሰ ጡር ሚስቱ አጠገቡ ቆጮ ትጋግር ነበር። ቢጫው ወርቅ ቀረ፣ ብርማው ጠፋ። የት እንደሄደ ያን ቀን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ብርማው ሜርኩሪ ነው፤ ባዚቃም ይባላል። ደቃቁን ወርቅ ከአሸዋው ለይቶ ይይዛል፣ እሳት ሲነካው ይተናል። ትነቱ አይሸትም፣ አይታይም። በሳንባ ገብቶ ከደም ጋር አንጎልና ኩላሊት ይደርሳል፣ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል። የተረፈው ጣራና ዕቃ ላይ ያርፋል። በቁፋሮው ቦታ የፈሰሰው ደግሞ ወንዝ ገብቶ ወደ ባሰ መርዝ ይለወጥና ዓሣ ውስጥ ይከማቻል። ጃፓን ውስጥ በሚናማታ ከተማ አንድ ፋብሪካ ካፈሰሰው ሜርኩሪ የተነሳ ዓሣ የበሉ ሰዎች ሽባ ሆነዋል፣ ሕፃናትም ታመው ተወልደዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሜርኩሪ ስምምነት በዚያች ከተማ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሰው ወደ አየር ከለቀቀው ሜርኩሪ 38 በመቶ ያህሉ የመጣው ከአነስተኛ የወርቅ ሥራ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ የታገደው የአካባቢው ሰው በልጆቹና በከብቶቹ ላይ ጉዳት ደረሰ ብሎ ስለጮኸ ነው። ያ ትልቅ ማዕድን ነበር። ትንሹ ጉድጓድ የሚታገድ ፈቃድ እንኳ ላይኖረው ይችላል። ቆፋሪው ወርቁን ይዞ ሲሄድ ጉድጓዱ ክፍቱን ይቀራል፤ በክረምት ውኃ ይሞላል፣ የወባ ትንኝም ይራባበታል። ጀፎረን ያለ ሽማግሌ ፈቃድ የማንነካ ሰዎች፣ በሌላው አገር መሬት ላይ ልጆቻችን የሚያደርጉትን ጠይቀን አናውቅም።

ወርቅ ያለ ሜርኩሪም ይወጣል። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ሴቶች በገበቴና በውኃ ብቻ ሲያጥቡ ኖረዋል። አድካሚ ነው፣ የሚገኘውም ያንሳል፤ ይህን መደበቅ አንፈልግም።

በኮሚቴው ውስጥ "ለወርቅ የሚሰጠው ብድር ይቁም" ያሉ ነበሩ። ብዙዎቻችን አልተስማማንም፤ እኛ ብንከለክለው ልጁ ከአራጣ አበዳሪ ይወስዳል። ስለዚህ ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው፦ ተበዳሪዋ ወርቁ በምን እንደሚለይ ትጠይቅ፣ ለእኛም ትንገረን። በማንም አባል ቤት ሜርኩሪ አይቃጠል፣ አይቀመጥ። የግድ የሚጠቀም ካለ ትነቱን መልሶ የሚይዝ ዝግ ዕቃ ከቤት ርቆ ይጠቀም፤ ለዚያ ዕቃ መግዣ እናበድራለን።

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንፈልገው ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ሜርኩሪ የሚመረመሩበትን ቦታ እንድታፈላልጉልን ነው።

ያቺ ነፍሰ ጡር በሰላም ወልዳለች። ልጁ ግን እግሩን ዘግይቶ ነው የተከለው፤ ምክንያቱ ምን እንደሆነ የነገራት የለም። አባትየው ተመልሶ ሄዷል፣ ዘንድሮም ለመስቀል ይመጣል።