ጡረታዬን ቆጥራችሁ ልጄን ትረሱታላችሁ?

(ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ አንዲት ጡረታ የወጡ የሠራተኛ አስተዳደር ባለሙያ ለመንግሥት ሠራተኛ ሴቶች ያሰሙት ንግግር ነው። በጥያቄያቸው መሠረት ስማቸውን አላወጣንም። - ዝግጅት ክፍሉ)



አስቀድሜ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። 28 ዓመት ሙሉ ፐርሶኔል ቢሮ ተቀምጫለሁ። ስንት ደብዳቤ እንደፈረምኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አንዱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ልጅቷ ከሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ እኛ የመጣች ታይፒስት ነበረች። ማስታወቂያ አይታ ተወዳደረች፤ ፈተናውን አለፈች፤ እኛም “መሸኛሽን አምጪ” አልናት። የዋህ ናትና የቅጥር ደብዳቤዋን በእጇ ሳትይዝ መልቀቂያ አስገባች። የአንድ ወሩ ማስጠንቀቂያ አለቀ፣ ክሊራንሷን ጨረሰች፣ ተሰናበተች። እኛ ዘንድ ደግሞ ፋይሏ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር 23 ቀን ፈጀ። በ9ኛው ቀን ምጥ መጣባት። ምጥ የኃላፊ ፊርማ አይጠብቅማ!

የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ “ለቀሻል፤ ፔሮላችን ላይ የለሽም” አላት። እኛ ደግሞ “ሳንቀጥርሽ ወልደሽ የምን የወሊድ ፈቃድ?” አልናት። “የጠየቁት ፈቃድ አግባብነት የሌለው መሆኑን እንገልጻለን” የሚለውን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወይ ሥራ ትጀምራለች ወይ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ተባለ። ጀመረች። የ14 ቀን አራስ፣ ጡቷ ሸሚዟን እያራሰው ስትጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም እናት ነኝ!

ያን ቀን መመሪያ ጥሻለሁ አልልም። የሚያስለቅሰውም ይኸው ነው። ሁሉም መመሪያውን ጠብቆ ሳለ አንዲት አራስ ሜዳ ላይ ወደቀች።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ርዝመቱን ለዝርዝር ሕግ ተወው እንጂ “ይህን ያህል ወር ያገለገለች” የሚል ቃል አልጨመረበትም። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ለረጅም ጊዜ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር። በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1064 የኋለኛውን 90 አደረሰው። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ይህንን አዋጅ በሌላ ተክቶታልና፣ ፐርሶኔል ቢሮ ስትሄዱ አዲሱን ይዛችሁ ሂዱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ቴሌ፣ መብራት ኃይልና ንግድ ባንክ የመንግሥት ናቸው፤ ሠራተኞቻቸው ግን የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ አዋጅ ሳይሆን በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው። እሱም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ 30 እና 90፣ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ክልሎችም የየራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ አላቸው። ስለዚህ ከሚኒስቴር ወደ ልማት ድርጅት፣ ከፌዴራል ወደ ክልል የምትሄድ ሴት “ያው መንግሥት ነው” ብላ ትሄዳለች እንጂ ሕግ ለውጣ ነው የምትገባው። ይህን ማን ይነግራታል? ማንም!

“ገና ሙከራ ላይ ነሽ”

ይህቺን ማስፈራሪያ ያልሰማ አለ? ነፍሰ ጡር አዲስ ገቢ ስትመጣ የእኛ ሰዎች የዓመት ፈቃዱን ደንብ ይጠቅሱባታል። የዓመት ፈቃድ በርግጥ የአገልግሎት ጊዜ ይጠይቃል። የወሊድ ፈቃድ ግን የድካም ማካካሻ አይደለም፤ እናትና ልጅ በሕይወት እንዲተርፉ የተሰጠ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ወይ አለማወቅ ነው፣ ወይ ተንኮል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለች ሠራተኛም በሕግ፣ በደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ሌላ ካልተባለ በቀር ሙከራዋን ከጨረሰችው እኩል መብት አላት። እርግዝናንም የማሰናበቻ ምክንያት ማድረግ ክልክል ነው።

እንግዲህ በሥራ ላይ እያለች የምትወልድ ሴት፣ አዲስም ትሁን ነባር፣ የምትይዘው ነገር አላት። ገደሉ ያለው በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል ነው።

ዝውውር ሌላ፣ መልቀቅ ሌላ

በዝውውር የምትሄድ ሠራተኛ ድልድይ ላይ ናት። የግል ማኅደሯ ይከተላታል፤ ደመወዟ ከአንዱ ፔሮል ሲወርድ ሌላው ላይ ይወጣል። ለቃ እንደ አዲስ የምትቀጠረው ግን ወንዙን በዋና ነው የምትሻገረው። በሁለቱ ደብዳቤዎች መካከል ያሉት ቀናት የማንም አይደሉም። ባለቤት የሌለው ቀን ደግሞ ደመወዝ የለውም።

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይባላል። እናንተ የሆዳችሁን የምታውቁ እህቶቼ! መጀመሪያ በዝውውር ይሆን እንደሆነ ጠይቁ። ካልሆነም የቅጥር ደብዳቤው ቀንና ቁጥር ተጽፎበት፣ ማኅተም አርፎበት እጃችሁ ሳይገባ መልቀቂያ አታስገቡ። “ችግር የለም፣ አልቋል” የሚለውን የቃል ተስፋ ፔሮል ሠሪው አያውቀውም። የመልቀቂያችሁ የመጨረሻ ቀንና የቅጥራችሁ የመጀመሪያ ቀን ተከታታይ መሆናቸውን አረጋግጡ። የሐኪም ወረቀታችሁን ኮፒ ቤት አስቀምጡ። ሲከለክሏችሁም መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተባለ ነገር ቅሬታ ሰሚም ፍርድ ቤትም ዘንድ አያቆምም።

ኪሱ አንድ አይደለም እንዴ?

አሁን ጥያቄዬን ወደ ላይ ላድርግ። አንዲት ሠራተኛ ከትምህርት ወደ ጤና፣ ከጤና ወደ ግብርና ብትሄድ የጡረታ ዘመኗ ይደመራል። ከእሷ 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቷ 11 በመቶ በየወሩ ይገባል። ለቃ እንደገና ብትቀጠርም ያገለገለችው ዘመን አይጠፋም። ትክክል ነው፤ እኔም የምኖረው በዚያው ነው። ለመሆኑ እርጅናዋን አሳዶ የሚቆጥር መንግሥት እርግዝናዋን መቁጠር ለምን ያቅተዋል?

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጡረታው ፈንድ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለሟች ቤተሰብ ይከፍላል፤ ወሊድ ግን የለበትም። የወሊዱን ደመወዝ የሚከፍለው ያ ቀጣሪ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኃላፊ ሆዷ የገፋ ተወዳዳሪ ስትመጣ ሠራተኛ አይታየውም፤ የሚታየው የአራት ወር ደመወዝና ክፍት ወንበር ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1992 ዓ.ም. ባወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ክፍያው በማኅበራዊ መድን ወይም በሕዝብ ገንዘብ እንዲሸፈን ያለው ለዚህ ነው።

የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። አንደኛ፣ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በአጭር ጊዜ ውስጥ የምታልፍ ሴት አገልግሎቷ ለወሊድም እንዳልተቋረጠ ይቆጠር። ሁለተኛ፣ ክፍያው እንደ ጡረታው ከጋራ ቋት ይውጣ። በቃ፣ ይኸው ነው!

ያ ልጅ ዛሬ አድጎ ተማሪ ቤት ይሄዳል። እናቱ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፤ ቂም አልያዘችም። እኔ ግን ዓይኗን ማየት ያቅተኛል። ዛሬ በእኔ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ልጆቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ከፊታችሁ የቆመችውን እዩአት።