ሳሙናው ከማዕድ በፊት ይቅረብ

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በጉባኤያችን ስለ መሬት፣ ስለ ሕግና ስለ ሀብት ክፍፍል ብዙ ተነጋግረናል። አሁን የምናነሣው ነገር ከእነዚህ አጠገብ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ እርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ትንሽ መስሎ የሚታየንም ሳሙናና የቧንቧ ውሃ በማይጠፋበት አገር ስለምንኖር ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ከ400 ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም የድኻ አገር ልጆች ናቸው።

አስቀድመን «ሕዝባችን ንጽሕና አያውቅም» የሚለውን አነጋገር እንተው። በአገራችን እጅን ሳይታጠቡ ወደ ማዕድ መቅረብ ነውር ነው። ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ ከታላቅ ጀምሮ ያስታጥባል። ሆኖም ልብ ብለን ብናይ፣ በብዙ ቤት ከምግብ በፊት የሚፈሰው ውሃ ብቻ ነው፤ ሳሙናው የሚወጣው ከምግብ በኋላ፣ የወጡን ቅባትና ሽታ ለማስለቀቅ ነው። እንግዲህ ልማዱ አለ፤ የተሳሳተው የሳሙናው ተራ ነው። ከመጸዳጃ ሲመለሱና ሕፃን ካጸዱ በኋላ ግን ማንቆርቆሪያ ይዞ የሚጠብቅ ልጅም የለም።

ሳሙና ለምን ያስፈልጋል? ከዓይነ ምድር የሚወጡት የበሽታ ተሐዋስያን በእጅ ላይ ካለው ቅባትና እድፍ ጋር ይጣበቃሉ፤ ውሃ ብቻውን ቅባትን አያስለቅቅም። ሳሙና ግን ቅባቱን ፈትቶ ተሐዋስያኑን ከነእድፉ ለውሃው ያስረክባል።

ይህን የሚጠራጠር ቢኖር የካራቺን ነገር ይስማ። በ2002 እና በ2003 (እ.ኤ.አ.) በዚህች የፓኪስታን ከተማ፣ በድኾች መንደሮች ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ሳሙና በነፃ ታድሎ በየሳምንቱ ትምህርት ይሰጣቸው ነበር። ሳሙና ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር፣ አምስት ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ላይ የሳምባ ምች በግማሽ ቀነሰ፤ አሥራ አምስት ዓመት ባልሞላቸው ላይ ደግሞ ተቅማጥ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ተራው ሳሙናም መድኃኒት ከተጨመረበት ሳሙና አላነሰም።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላለቀም። የነፃው ሳሙና እደላ ከቆመ በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ቢያዩ፣ ሰዎቹ አስተጣጠቡን አልረሱትም፤ የሚገዙት ሳሙና ግን ከሌሎቹ ቤቶች እምብዛም አይበልጥም፤ የተቅማጡም መጠን ከእነርሱ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዕውቀት ብቻውን እጅ አያጥብም።

ደግሞም መታጠብን እምቢ ያለው ያልተማረው ሰው ብቻ እንዳይመስለን። በ1847 (እ.ኤ.አ.) በቪየና ሆስፒታል ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ ሬሳ መርምረው ወደ ወላዶች ክፍል የሚገቡት ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠቡ ቢያደርግ፣ ከመቶ ወላዶች 18 ያህል ደርሶ የነበረው ሞት በሁለት ወር ውስጥ ወደ 2 ያህል ወረደ። የሐኪም እጅ ገዳይ ነው መባሉን ግን ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የተማረ ሰው ኩራትም እንደ ድንቁርና ይገድላል።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፤ ውሃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ ተሸክማ ለምታመጣ እናት «እጅሽን ታጠቢ» ብሎ መስበክ ብቻውን ፌዝ ነው። ስለ ንጽሕና የሚናገር ሁሉ ውሃ ወደ መንደር እንዲቀርብ፣ ሳሙናም በድኻ ኪስ እንዲገዛ አብሮ ይሟገት።

ሁለተኛ፤ ቧንቧው እስኪደርስ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ጀሪካን በስቶ በእንጨት ላይ ማንጠልጠል፣ በእግር በሚረገጥ ገመድ እያዘነበሉ በጥቂት ውሃ መታጠብ ይቻላል። ሳሙናውን በአጠገቡ አንጠልጥሎ በመጸዳጃው በር ላይ ማኖር ነው።

ሦስተኛ፤ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ቤት እየዞሩ ይህንኑ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ወደ አገር ስንገባ እነርሱን እንርዳ እንጂ፣ ሁሉን እኛ የጀመርነው አስመስለን አንቅረብ።

ሥራው ከየቤታችን ይጀምር። ልጁ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደ እኛ ሲቀርብ፣ ገና እንጀራው ሳይቆረስ «ሳሙናውን አሁኑኑ አምጣው» እንበለው።