ቀፎው ባዶ እንዳይቀር
(በጎጃም ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምናገረው ስለ ንብ ነው። በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

አንድ ዓመት በኅዳር ማሩን አንድ እንጀራ እንኳ ሳላስቀር ቆረጥሁት። በእሳት ስለ ለበለብኋቸው ብዙ ንቦች አለቁ። የቀሩትም በሳምንቱ ጥለውኝ ሄዱ። የማሩ ገንዘብ በአንድ ገበያ አለቀ፤ ቀፎው ግን ዓመቱን ሙሉ የሸረሪት ቤት ሆነ። ጥፋቱ የማን ነው? የኔው ነው።

ንብ የምትኖረው በአበባ ነው። በአገራችን ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ አደይ አበባውና መጩ ሜዳውን ይሞላዋል። ኑጉም ይከተላል። ማር በብዛት የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በጋው ይበረታል። ግራዋ በጥርና በየካቲት ቢያብብም ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ማር ስንቆርጥ ለንቦቹ ስንቅ እናስቀርላቸው። እጭ ያለበትን እንጀራ አንንካ። በእሳት ፈንታ ጭስ ይበቃናል። አበባ ሲጠፋ ውኃና በሶ፣ ወይም በውኃ የተበጠበጠ ስኳር እናቅርብላቸው።

አሁን ወደ መንጋው እንምጣ። ንቦች ሲበዙ ቀፎው ይጠባቸዋል። አሮጌዋ አውራ ግማሽ ያህሉን አስከትላ ትወጣለች። አውራውን ወንድ የምንል አለን፤ እሷ ግን እንቁላል የምትጥል እናት ናት። መንጋው ቅርብ ካለ ዛፍ ላይ እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል። ማር ጠግበው ስለሚወጡ ያን ጊዜ ብዙም አይነድፉም። ቢሆንም ፊታችሁን ሸፍኑ። ቀፎውን አስቀድማችሁ በጥንጁት ወይም በወይራ እጠኑት፤ ውስጡንም ሰም ቀቡት። መንጋው ላይ ጥቂት ውኃ አርከፍክፉና ወደ ቀፎው በቀስታ አራግፉት። አውራዋ ከገባች ሌሎቹ ይከተሏታል። ካልገባች ወደ ቅርንጫፉ ይመለሳሉ፤ እንደገና ሞክሩ። ሲመሽ ቀፎውን ወደ ቦታው ውሰዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ብዙዎቻችን የተባይ መድኃኒት እንረጫለን። አበባ ላይ የተረጨ መድኃኒት ንብ ይፈጃል። ንብ ደግሞ የማሳ ድንበር አታውቅም፤ የኔ ርጭት የጎረቤቴን ቀፎ ባዶ ያደርጋል። ስለዚህ ሰብል ሲያብብ አንርጭ። ግድ ከሆነም ለጎረቤት ነግረን፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ሲመሽ እንርጭ። ኑጉም ባቄላውም ደህና አድርጎ እንዲያፈራ ንብ ትረዳዋለች።

ወገኖቼ፣ የዘንድሮውን ማር ስትቆርጡ የከርሞውን አስቡ።